ሺዙዮ ናሩሴና የሃይድሮጂኑ ታክሲ

በከተማችን እንደ ሺዙዮ ናሩሴ የታመነ መኪና ሻጭ አልነበረም። የታመነችው ብዙ ስለሸጠች አይደለም፤ አልሸጥም ማለት ስለምታውቅ ነው። የአሳጊሪ ኩባንያ መሸጫ ከፀጉር ቤቴ ፊት ለፊት ነው። ወንበሬ ላይ የሚቀመጥ ሰው ወይ ከዚያ ወጥቶ የመጣ ነው፣ ወይ ወደዚያ ሊገባ ያሰበ። ስንቱ ነው ፂሙን እየላጨሁት፣ «ሺዙዮ አልሸጥልህም አለችኝ እኮ!» እያለ የሳቀው። አንድ ሚስቱ የሞተችበት ሽማግሌ ትልቅ መኪና አማረውና ሄደ። «አባባ፣ ይሄን ግንድ በእናንተ ጠባብ መንገድ እንዴት አድርገው ሊያዞሩት ነው? የጎረቤት አጥር ሊንዱ ነው እንዴ? ይልቅ ትንሿን ይውሰዱ» አለችው። ትንሿን ወስዶ ዕድሜ ልኩን መረቃት።

የዓሣ ነጋዴ ልጅ ናት። አባቷ ያደረ ዓሣ ለደንበኛ ከመስጠት ለድመት ቢጥለው የሚመርጥ ሰው ነበር፤ እሷም በእሱ ወጣች። በአገራችን የእሷ ቃል ከኩባንያው የዋስትና ወረቀት ይበልጥ ይከበር ነበር።

አሳጊሪ ስሙን የተከለው በሃይብሪድ ነው፤ ቤንዚንና ባትሪ ተጋግዘው በሚነዱት መኪና። ዳገትና ቁልቁለት በሚፈራረቁበት በእኛ በኦይታ ጠረፍ፣ ከእሱ የሚስማማ መኪና አልነበረም። ኋላ ግን አዲስ ፕሬዚዳንት ተሾመና ኩባንያው ፊቱን ወደ ሃይድሮጂን አዞረ። የሃይድሮጂኑ መኪና ጭስ የለውም፣ ድምፅ የለውም፤ ጋዙ ይሞላል፣ ውስጥ ገብቶ ኤሌክትሪክ ይሆናል፣ ከኋላ የሚወጣው ውሃ ብቻ ነው። መንግሥት ከዋጋው ይደጉማል። እኛም ዘንድ ወደቡ አጠገብ፣ ከበረዶ ፋብሪካው ጎን፣ አንድ የሃይድሮጂን መሙያ ጣቢያ ተከፈተ።

ሻጮቹን ለማሠልጠን ከቶኪዮ አንድ ሰው መጣ። ሱፉ ያማረ፣ ንግግሩም እንደ ሱፉ።

«ሃይብሪድ ድልድይ ነው» አላቸው። «ድልድይ ላይ ቤት የሚሠራ አለ? ተሻግረን መሄድ አለብን።»

ሁሉም ሲያጨበጭብ ሺዙዮ እጇን አወጣች። «ጣቢያው አንድ ብቻ ነው። የተበላሸ ቀንስ?»

«በቅርቡ ሁለተኛው ይከፈታል፤ ሦስተኛውም ይከተላል።»

«ውሉ ተፈርሟል?»

ሰውዬው ፈገግ አለ። «ወይዘሮ ናሩሴ፣ እኛ ራሳችን ካላመንን ደንበኛው እንዴት ብሎ ያምናል?»

ተሳቀ። ሺዙዮም አብራ ስቃ ተቀመጠች። ያን ዕለት ማታ ለባሏ ለኩኒዮ፣ «ውል የለም። ከአፉ ሳይሆን ከዐይኑ አየሁት» ብላው ነበር። ይህን የነገረኝ ኩኒዮ ራሱ ነው፤ ፀጉሩን የሚቆረጠው እኔ ጋ ነው። ስለዚህ ታውቅ ነበር። ይህ መታወቅ አለበት፣ ምክንያቱም ኋላ ላይ ሰው ሁሉ «እሷስ በምን ታውቃለች፣ ምስኪን» ሲል፣ እሷ አንድም ቀን በዚህ አልተጽናናችም።

በመኸሩ በዓል ቀን፣ የቤተ መቅደሱ ታቦት የሚመስለው ማደሪያ በጎረምሶች ትከሻ ወደ ባሕሩ ከወረደ በኋላ፣ አሳጊሪ አዲሱን መኪና አደባባይ ላይ አቆመ። ሺዙዮ ሞተሩን አስነስታ ከኋላው የሚንጠባጠበውን ውሃ በብርጭቆ ያዘች፤ ሰው ፊት ጠጣችው።

«ምን ምን ይላል?» ብሎ ጮኸ አንዱ።

«ከእናንተ ቤት ሻይ ይሻላል!» አለች። አደባባዩ በሳቅ ተናጋ። እኔም ስቄያለሁ።

ከሚስቁት መሃል ኦዋኪ ቴፔይ ነበር። ኦዋኪ የራሱ ታክሲ ያለው፣ ስድሳውን ያለፈ፣ ነጭ ጓንቱን ሳያጠልቅ መሪ የማይጨብጥ ሰው ነው። የሺዙዮ አባት ጓደኛ ስለነበር ልጅ ሆና በጀርባው አዝሏታል፤ «ሺዙ» ብሎ ነው የሚጠራት፣ እሷም «አጎቴ» ትለዋለች። ዋናው ሥራው በሽተኞችን ወደ ኩላሊት እጥበት ማመላለስ ነበር። ሆስፒታሉ ከተራራው ማዶ ነው፤ አሮጊቶቹ ሽማግሌዎቹ ከኦዋኪ ሌላ ሰው አይፈልጉም። አሮጌው ሃይብሪድ ታክሲው ሲያረጅበት፣ ሌላ ሃይብሪድ ሊገዛ ወደ ሺዙዮ ሄደ።

የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅ ቶጋሺ አስቀድሞ ጠርቷት ነበር። «ሺዙዮ፣ ከተማዋን ቀኑን ሙሉ የሚዞር አንድ የሃይድሮጂን ታክሲ ማለት ከመቶ ማስታወቂያ ይበልጣል። ይህ ሰው ከእጅሽ እንዳይወጣ። እኔም ከላይ ያሉት እየጠበሱኝ ነው።»

ኦዋኪ የገብስ ሻዩን ፉት እያለ የሃይድሮጂኗን መኪና ዞሮ ዞሮ አያት። «ቆንጆ ናት። ግን እኔ ታክሲ ነጂ ነኝ ሺዙ። መኪና ከቆመ እኔም ቆምኩ ማለት ነው።»

«አትቆምም፣ አጎቴ። አንዴ ከሞሉ ብዙ ትሄዳለች። በሽተኞቹም ድምፅና ንዝረት ስለሌላት ይወዷታል።»

ይህ እውነት ነበር። ከዚያ ግን ኦዋኪ ብርጭቆውን አስቀመጠና እንደ ልጅነቷ ዐይን ዐይኗን እያየ ጠየቃት።

«አንቺ ብትሆኚ ትገዢው ነበር?»

«እገዛው ነበር» አለች።

«በቃ። አባትሽም እንዲህ ነበር፤ ጥሩ ነው ካለ ጥሩ ነው።» ኦዋኪ እዚያው ፈረመ።

በዚያው መኸር የናሩሴ ቤተሰብ መኪና አለቀላት። ኩኒዮ የሚሠራው ሩቅ ባለው የሲሚንቶ ፋብሪካ ነው፤ በሚሄድበት አቅጣጫ የሃይድሮጂን ጣቢያ የለም። ባልና ሚስቱ ያገለገለ ሃይብሪድ ገዙ። የገዙትም ከእሷ መሸጫ አልነበረም፤ ከጠቅላይ ግዛቱ ወሰን ማዶ፣ ከኖቤኦካ ነው። ሰው ከጠየቀ ዘመድ ሰጠን እንበል ተባባሉ። ማንም አልጠየቀም። መኪናዋ ከቤቱ ጓሮ ትቆማለች፣ ኩኒዮ ማልዶ ይወጣባታል፣ ሺዙዮ በእግሯ ወደ ሥራ ትመጣለች።

መጀመሪያ ነገሩ ሁሉ ደህና ነበር። ኦዋኪ በታክሲው ኮራ። «ዛሬ እማማ ሃና ከእጥበት ስትመለስ እንቅልፍ ወሰዳት፤ ቤቷ ደርሰን እንኳ አልነቃችም» እያለ ወንበሬ ላይ ያወራ ነበር። ጣቢያው ግን ቅዳሜና እሑድ ዝግ ነው፤ ከሰዓት በኋላም በጊዜ ይዘጋል። ቀጥሎ የጋዝ መጭመቂያ መሣሪያው መበላሸት አመጣ። ጠጋኙ ከፉኩኦካ እስኪመጣ ይጠበቃል። ሁለተኛው ጣቢያ አልተከፈተም፤ ስለ ሦስተኛው የሚያነሳም ጠፋ።

አንድ የክረምት ቀን፣ በረዶ የቀላቀለ ነፋስ ከባሕር እየነፈሰ፣ ኦዋኪ እማማ ሃናን ከሆስፒታል ይዞ ሲመለስ ጋዙ መሟጠጡን አየ። ጠዋት ጣቢያው ዝግ ስለነበር ከሰዓት ይከፈታል ያሉትን አምኖ ነበር የወጣው። ደወለ፤ ዛሬም አይከፈትም አሉት። ከተማ መግቢያ ሳይደርስ፣ ከገደሉ ሥር ባለው ጠባብ መንገድ ላይ መኪናዋ ድምፅ ሳታሰማ ቀስ ብላ ቆመች። ቤንዚን ቢሆን ሰው በጀሪካን ያመጣለት ነበር፤ ይህን ግን በምን ይሸከሙታል? ኦዋኪ ካፖርቱን አውልቆ አሮጊቷን ሸፈናት። ሌላ ታክሲ እስኪደርስላቸው እማማ ሃና ከንፈሯ ጠቆረ። አልሞተችም፤ ግን በብርዱ ታማ ሰነበተች። ልጇ ሆስፒታሉ ድረስ ሄዶ ጮኸ፤ ሆስፒታሉም የማመላለሱን ሥራ ከኦዋኪ ነጥቆ ለሌላ ሰጠ።

ሺዙዮ ወሬውን የሰማችው ከእኔ ነው። የደንበኞችን ወንበር ልትጠግንልኝ ቃል ገብታ ስለነበር የባሏን የቧንቧ መፍቻ ይዛ መጥታ ነበር። ስነግራት መፍቻውን መስኮቱ ላይ አስቀመጠችና ሳትሰናበተኝ ወጣች።

እንዲመጣ ጠበቀችው። መሸጫው በር ላይ ቆሞ ቢሰድባት፣ ሻዩን ፊቷ ላይ ቢደፋባት በወደደች። ኦዋኪ ግን አልመጣም። እሷም ልትሄድ ትነሳና የቤቱ መታጠፊያ ላይ ስትደርስ ትመለሳለች። የሰፈሩ ሴቶች ሁሉ በሚገናኙበት የፍል ውሃ ቤት የኦዋኪ ሚስት ፉሳኤ አመሻሽ ላይ ትመጣለች፤ ሺዙዮ እዚያ መሄድ ተወች። ልብስ ለብሳ እንኳ ፊት ለፊት መተያየት ያቃታት ሴት፣ ራቁቷን ገንዳ ውስጥ ከፉሳኤ ጎን እንዴት ትቀመጥ?

በሚቀጥለው የጸደይ ወር ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። ሃይድሮጂን ለከባድ ጭነትና ለመርከብ ይሁን፣ ለቤት መኪና ሃይብሪድ ይበቃል ተባለ። ወደቡ አጠገብ ያለው ጣቢያ ለዘለቄታው ተዘጋ። የመሸጫው መስኮት ላይ የነበረው የሃይድሮጂኑ ምልክት፣ ሰማያዊ የውሃ ጠብታ ሥዕል፣ ተላጠና በቦታው «ሃይብሪድ፦ ያኔም አሁንም ምርጫችን» የሚል ተለጠፈ። ያን ዕለት ጥግ ላይ ቆሜ አየኋት፤ ጽሑፉን ከሚለጥፉት ሠራተኞች አንዷ እሷ ነበረች፤ አየር እንዳይቋጥር በጨርቅ ታሸው ነበር።

ኩባንያ ሐሳቡን ቢለውጥ ኃጢአት አይደለም። ነጋዴ ነው፤ ያልተሸጠለትን ይተዋል። ግን ኩባንያ የሚቀላ ፊት የለውም። ፊት የነበራት እሷ ናት።

በዝናቡ ወራት ኩኒዮ ወገቡ ተያዘና ተኛ። ሺዙዮ መድኃኒት ልታመጣለት የኖቤኦካዋን ሃይብሪድ ነዳች፤ ቤንዚኑ ስላለቀ የዋናው መንገድ ማደያ ገባች። አንድ ነዳጅ ቀጂ የዝናብ ልብሱን እንደለበሰ ሮጦ መጣና ባርኔጣውን አንስቶ እጅ ነሳ።

«እንኳን ደህና መጡ! ልሙላልዎ?»

መስታወቱን አወረደች። ኦዋኪ ነው።

«ሺዙ! አንቺ ነሽ እንዴ?» ፊቱ በራ። «ጠፋሽ እኮ! ፉሳኤ ዘወትር ትጠይቅሻለች።»

«አጎቴ... እዚህ ነው የሚሠሩት?»

«ቁጭ ብዬ ግድግዳ ከማይ ብዬ ነው። ታክሲዋ ኦይታ ከተማ ድረስ ሄዳ ካልሞላች አትንቀሳቀስም፤ ለመሙላት ስሄድ ቀኑ ያልቃል፤ ለመንገዱ የሞላሁትም ያልቃል።» ሳቀ። «በስተርጅና ቤንዚን ቀጂ ሆንኩልሽ!»

ቧንቧውን ሰካና እንደ ደንቡ ጨርቁን ይዞ መስታወቶቹን ሊጠርግ ዞረ። የፊቱን ጠረገ፣ የጎኑን ጠረገ። ወደ ኋላ ሄደ። እዚያ እጁ ቆመ። ሺዙዮ በመስታወቷ ታየዋለች፤ የኋላው መስኮት ላይ የሻጩ መደብር ስም ተለጥፎ ነበር።

ተመልሶ መስኮቷ አጠገብ ቆመ። «ከኖቤኦካ ነው የገዛችሁት?»

«አዎ።»

«ሃይብሪድ ነው አይደል። ጥሩ መኪና ነው። መቼ ገዛችሁት?»

ዘመድ ሰጠን የሚለው ውሸት ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። «እርስዎ የሃይድሮጂኗን በወሰዱበት መኸር» አለች። «አጎቴ፣ አልገዛውም ነበር። ሲጠይቁኝ ዋሸሁዎት።»

ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። የቧንቧው መቅጃ ቀጭ ብሎ ቆመ። ኦዋኪ ነቅሎ ክዳኑን ዘጋ፣ ሁለቴም አጠበቀው። ሒሳቡን ተቀብሎ መልሱን በሁለት እጁ ሰጣት።

«እናመሰግናለን፣ ወይዘሮ ናሩሴ። መኪና ስለሚበዛ መንገዱን አስከፍትልዎታለሁ።»

ከዚያ ቀን በፊት አንድም ቀን «እርስዎ» ብሏት አያውቅም። መንገድ መሃል ገብቶ የሚመጡትን መኪናዎች በእጁ አቆመላት፤ ስትወጣ ባርኔጣውን አውልቆ ዝቅ ብሎ እጅ ነሳ። እስክትታጠፍ ድረስ በመስታወቷ አየችው፤ ቀና አላለም፤ ዝናቡ በራው ላይ ይወርድ ነበር። ማደያው ለደንበኛ ሁሉ የሚያደርገው ነው። ሺዙዮ ግን መድኃኒት ቤቱን አልፋ ሄዳ ባሕሩ ዳር ላይ ነው የቆመችው።

በዚያ ሳምንት ያው ሱፋም ሰውዬ ከቶኪዮ ተመልሶ መጣ፤ አሁን ስለ ሃይብሪድ ሊያስተምር። «ደንበኛው መረጠ፤ እኛ አዳመጥን» አለ። ሺዙዮ ተነሳች። የኦዋኪን ታክሲ ኩባንያው መልሶ ወስዶ በሃይብሪድ እንዲቀይርለት ልትጠይቅ ሌሊቱን ቃላት ስታሰካካ አድራ ነበር። «እኛ... አምነውን የገዙ ሰዎች...» ብላ እንባዋ ቀደማት።

«ውድ አስተያየት ነው፤ ይዘነዋል» አለ ሰውዬው፤ ግድግዳው ላይ ወደሚያሳየው ቀጣይ ሥዕልም አለፈ።

ከስብሰባው በኋላ ቶጋሺ ደረጃው ላይ ያዛት። «ለአንዱ ከቀየርን ለሁሉም ነው። ከላይ አይፈቅዱም ሺዙዮ።»

«አለቃ፣ ከእጅሽ እንዳይወጣ ያሉኝ እርስዎ ነበሩ።»

«ነበርኩ» አለ ቶጋሺ መሬት መሬት እያየ። «እኔም አልተኛሁም። ግን የማስተምራቸው ልጆች አሉኝ።»

ቤቷ ገብታ ለኩኒዮ፣ «መኪናችንን ለኦዋኪ እንስጥ፤ የእሱን እኛ እንውሰድ» አለችው።

ኩኒዮ ቁጥብ ሰው ነው፣ ብዙ አያወራም። «እኔ በምን ልሂድ?»

«በባቡር።»

«ጣቢያ ለመድረስ ሌሊት ልነሳ ነዋ።» ወገቡን አሸት አደረገ። «ከኖቤኦካ እንግዛ ያልሽው አንቺ ነሽ። እኔ ከዚሁ እንግዛ ብዬ ነበር፤ ሰው ያየናል አልሽ።»

«አውቃለሁ።»

«ይሁን፤ በባቡር እሄዳለሁ» አለ።

እሑድ ጠዋት ሁለቱም ኦዋኪ ቤት ሄደው የመኪናቸውን ቁልፍ ፊታቸው አስቀምጠው ደጁ ላይ ተንበረከኩ። ኦዋኪ እስከ መጨረሻው ሰማቸውና፣ «ምጽዋት አልበላም። በእጄ ነው የፈረምኩት» ብሎ ወደ ጓዳ ገባ። በሩን የዘጋበት ድምፅ ጎረቤት ድረስ ተሰማ።

ቁልፉን ያነሳችው ፉሳኤ ናት። «ተዉት፤ እሱ ኩራቱን ይብላ» አለች፣ ድምፅዋን ሳትቀንስ፣ ከግድግዳው ወዲያ እንዲሰማ። «እማማ ሃና በማታውቀው ሰው መኪና እየተንገጫገጨች ነው የምትሄደው። ሕሊናችሁ ወቅሷችሁ እንደሆነ አላውቅም፣ ግን መኪናዋን እንቀበላለን።» ከዚያ ወደ ሺዙዮ ዞረች። «አንቺን ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ። ስደርስ እነግርሻለሁ።»

ሺዙዮ ግንባሯ መሬት እስኪነካ አጎነበሰች።

ፈቃዱ ተስተካክሎ ኦዋኪ እንደገና ታክሲ ነጂ ሆነ። ሆስፒታሉ ሥራውን በሙሉ አልመለሰለትም፤ እማማ ሃናና ሌሎች ጥቂቶች ግን ራሳቸው ጠየቁት። የሃይድሮጂኗ መኪና በተጎታች መጥታ ናሩሴ ቤት ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ወገን ቆመች። ኩኒዮ ሸራ ገዝቶ ሊሸፍናት ነበር፤ ሺዙዮ ከለከለችው። አሁን ጎማዎቿ ሟሽሸዋል፤ ከሥሯ ሣር በቅሏል። የሚያልፍ ሁሉ ያያታል። ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች «የውሃዋ መኪና» ይሏታል።

የአሳጊሪ ሃይብሪድ ዛሬ ወረፋ የሚጠበቅለት ሆኗል፤ ቶጋሺ ወደ ትልቅ ከተማ በዕድገት ተዛወረ። ሺዙዮ መሸጡን ተወች። ጥገና ክፍል ስልክ ትመልሳለች፣ ቀጠሮ ትይዛለች። ባለፈው እኔም መኪናዬን ልቀይር ፈልጌ፣ «እስቲ አንቺ ምከሪኝ፣ የትኛውን ልውሰድ?» አልኳት።

«እኔን አይጠይቁኝ» አለችኝ። «ወንድሜ፣ የፈለጉትን ይጠይቁኝ፤ ይሄን ግን እኔን አይጠይቁኝ።» አንገቷ ድረስ ቀላች። የጠየቅኩት እኔ ራሴ አፈርኩ።

ጠዋት ጠዋት በባቡር ጣቢያው የታክሲ መቆሚያ በኩል ነው ወደ ሥራ የምታልፈው። ኦዋኪ ነጭ ጓንቱን አጥልቆ ከኖቤኦካዋ መኪና ጎን ይቆማል። ሌላ መንገድ አለ፤ እንዲያውም ያጥራል። እሷ ግን በዚያ አልሄደችም። ስትደርስ ቆማ ታጎነብሳለች፤ እሱም ባርኔጣውን ያነሳል።

«እንደምን አደሩ፣ ወይዘሮ ናሩሴ» ይላታል።

«እግዜር ይመስገን፣ አጎቴ» ትለዋለች።